ምጣድ ያመጣው ዘፈን

መብራት ሲጠፋ እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ካውያ አይሞቅ፣ የተጠገነ ዕቃ አይሞከር። ባለፈው ወር እንዲህ ጠፍቶ በዋለ ቀን ላፕቶፕ ከፈትኩና፣ ጎረቤቴ ፊልም ጫኙ ፍላሽ ላይ ካጎረልኝ ውስጥ አንዱን ነካሁ። «ዋንስ» ይላል። «አንድ ጊዜ» እንደማለት ነው። ተኩስ ያለበት መስሎኝ ነበር።

የለበትም። አንድ ሰውዬ ሆዱ የተቀደደ ጊታር ይዞ ደብሊን መንገድ ላይ ይጮኻል። ቀን ቀን ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይዘፍናል፤ ሳንቲም የሚያስጥለው እሱ ነው። የራሱን የሚያወጣው ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው። አባቱ ሱቅ ደግሞ ቫኪዩም ይጠግናል፤ ያ ምንጣፍ የሚያጸዳውን ማሽን። አንዲት አበባና መጽሔት የምትሸጥ የቼክ ስደተኛ ዘፈኑን ትሰማለች። ወሬ ለወሬ ሥራውን ሲነግራት «እኔም ቤት የተበላሸ አለ» ትለዋለች። ከዚያ ማሽኑን አስፋልት ለአስፋልት እየጎተተች ከች!

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ወላሂ። (ክርስቲያን ነኝ። ወላሂ የምለው ወሎየ ስለሆንኩ ነው።)

እኔም ጋ እንዲሁ ነበር የመጣችው። በቫኪዩም ፈንታ ምጣድ ይዛ።

2009 ዓ.ም.፣ ክረምት ነው። ሱቄ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሬዲዮ፣ ስቶቭ፣ ፍሪጅ፣ የመጣልኝን እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወት ነበር። የዚያን ቀን ጉም ደሴን ውጧት ጦሳ የሚባል ተራራ ያለም አይመስል። በጉሙ ውስጥ አንድ ተሸካሚ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ገባ። ከኋላው እሷ።

«ወንድምየ፣ ይችን ነገር ዛሬ ካልሠራህልኝ እናቴ በእንጀራው ፈንታ እኔን ነው የምትጋግረኝ።»

«ነገ ነይ።»

«አብሽር፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።» አንድ የሞተ ስፒከር ነበረኝ፤ እሱ ላይ ቁጭ።

ምጣድ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ነው። ይገለበጣል፤ የታችኛው ክዳን ይፈታል። ሸክላው ጀርባ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ቦይ አለ፤ ሽቦው እዚያ ውስጥ ነው የሚተኛው። ጀሶውን በካቻቢቴ ቀስ እያልክ ፈንቅለህ የተቃጠለችዋን ቦታ ትፈልጋለህ። ከቸኮልክ ሸክላው ይሰነጠቅና ዕዳው ያንተ ይሆናል። እኔ ስፈነቅል እሷ ታንጎራጉራለች። አምባሰል ነው።

ወሎ ውስጥ የሚያንጎራጉር ሰው ብርቅ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የኛው አገር ስሞች ናቸው። አንዱ ከደሴ በሰሜን፣ ሌላው ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሲወረድ። እና ካቻቢቴውን ያስቀመጥኩት በአምባሰሉ አይደለም። በድምፁ ነው። ኪቦርዱን ከጥግ አወጣሁና ድምጿን ፈለግሁ። ከአንዱ ቁልፍ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከሚቀጥለው ትንሽ ዝቅ ይላል። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው፤ አምስቱም ኪቦርድ ላይ አሉ። ግን የመጀመሪያውና ሁለተኛው በጣም የተጠጋጉ ናቸው። እሷ በዚያች ጠባብ ክፍተት እየተንሸራተተች የምትሠራው ነገር የትኛውም ቁልፍ ላይ የለም።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ማሪቱ ለገሰ» አለች። ካሴቱን ማለቷ ነው። እናቷ ጠዋት ማታ የሚያዞሩት ካሴት ነበር። «አሁን ምጣዱን ትሠራለህ ወይስ ሌላ ልፈልግ?»

ስሟን አልጽፍም። ፊልሙም የሁለቱን ሰዎች ስም አይጠራም። መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲያልፍ እንኳ «ሰውዬው» እና «ልጅቷ» ነው የሚላቸው። ይሄ ተመችቶኛል።

ስለ ፊልሙ ኋላ ትንሽ አነበብኩ። በ17 ቀን ነው የተቀረጸው። ወጪው ወደ 112 ሺህ ዩሮ ነው፤ ለፊልም የሻይ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርኒ ዘ ፍሬምስ የሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ሰውዬውን ሆኖ እንዲሠራ መጀመሪያ የታሰበው ኪሊያን መርፊ ነው። እሱ ሲቀር የዚያው ባንድ ድምፃዊ ግሌን ሃንሳርድ ገባ። ልጅቷ ማርኬታ ኢርግሎቫ ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። መንገድ ላይ ያለውን ካሜራ ርቀው አቁመው በረጅም ሌንስ ነው ያነሱት፤ አላፊ አግዳሚው ፊልም መሆኑን እንዳያውቅ። በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በዓመቱ አንዱ ዘፈናቸው ኦስካር ወሰደ።

ኦስካሩን ተዉት። እኔን የገደለኝ የባትሪው ነገር ነው።

ሰውዬው ዜማ ይሰጣትና ግጥም ጻፊበት ይላታል። ሌሊት በሲዲ ማጫወቻ እየሰማች ስትጽፍ ባትሪው ያልቃል። ከትንሽ ልጇ ሳንቲም ማጠራቀሚያ ትበደራለች። በቢጃማና በነጠላ ጫማ ወጥታ ሱቅ ትሄዳለች። ባትሪውን ትከታለች። ከዚያ ወደ ቤቷ እየተመለሰች፣ ጆሮ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ሆኖ፣ ግጥሙን መንገድ ላይ ትዘፍነዋለች። ካሜራው ሳይቆረጥ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው። ባትሪ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ባትሪ ሲገዛ እንዲህ አምሮ አይቼ አላውቅም።

ያልዋጠልኝም አለ። ስቱዲዮ ለመከራየት ባንክ ሄደው ብድር ይጠይቃሉ። የባንኩ ሰውዬ ዘፈናቸውን ይሰማል፣ የራሱንም ጊታር አንስቶ ይዘፍንላቸዋል፣ ብድሩንም ይፈቅዳል። እንዴ! እኔ ለአንድ ጄኔሬተር ብድር ጠይቄ የቤት ካርታ አምጣ ተብያለሁ። ማንም አልዘፈነልኝም።

እኛ ብድርም ስቱዲዮም አልነበረንም። ከሠርግ የተረፈ አንድ ማይክ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የእናቷ ጓዳ። ሱቄ ውስጥ የማይሆነው መኪና ስለሚያልፍ ነው። የእናቷ ቤት ወደ ገራዶ መውረጃው ነው፤ ጸጥ ይላል። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ደሴ ውስጥ ብርድ ልብስ አይጠፋም መቼም። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከሱብሒ አዛን በኋላ፣ ሰፈሩ ሳይነሳ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ያ ሰዓት የማን ሰዓት እንደሆነ አላሰብኩም።

ማሲንቆ የሚመታልን አንድ የሠርግ ወዳጄ ነው፤ ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣሉ። ጆሮ ማዳመጫ ስሰጣቸው አንገፈገፋቸው። «ጆሮዬን ደፍነህ በምን ልስማ?» እውነታቸውን ነው። እሷ አንድ ጊዜ አንጎራጎረች፤ እሳቸው መቃኛውን ሁለት ጊዜ ጠመዘዙ፤ ገጠመ። እኔ በኪቦርዱ ድምፅ ማስተካከያ፣ «ፋይን ቱን» በሚሉት፣ ሩብ ሰዓት የታገልኩበትን ማለት ነው። ኪቦርዴን በእሳቸው ቃኘሁት እንጂ እሳቸው በኪቦርዴ አልተቃኙም።

የመጀመሪያው ቅጂ መብራት ጠፍቶ ሳላስቀምጠው ቀረ። ሁለተኛው ላይ ሳቀች። ሦስተኛው ላይ፣ ሁለተኛውን አንጓ ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ግቢ ውስጥ ያለው አውራ ዶሮ ኩኩሉ አለ። ልክ በመሃሏ። ማሲንቆው ግን አላቆመም፤ እሷም ገባች፤ እስከ መጨረሻው ወሰደችው።

«እንደገና» አልኩ።

«አይሆንም። አላህ ከሰጠን ሌላ አይወጣኝም። ዶሮውን ተወው።»

ፊልሙ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀርጹ አድረው፣ የስቱዲዮው ባለሙያ መኪናው ውስጥ ይከታቸውና ዘፈኑን በመኪናው ስፒከር ያሰማቸዋል። ጥሩ ስፒከር ሁሉንም ነገር ያሳምራል፤ መጥፎ ስፒከር ነው እውነቱን የሚናገረው። ይህን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እኛ በባጃጅ ነበር የሞከርነው!

የሰፈራችን ልጅ ባጃጅ ነው፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር ሁለት ስፒከር አለው፤ አንዱ የተቀደደ ነው፣ እኔው ነኝ በማስቲሽ የለጠፍኩት። ፍላሹን ሰካን። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ። ዝናብ ያካፋል፤ ላስቲኩ መጋረጃ ይማታል። እሷ መሃል፣ የማሲንቆው ጋሼ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ግማሽ ጎኔ ውጭ። ድምጿ ሞተሩን ጥሶ ወጣ። ማሲንቆውም። ኪቦርዴስ? ከስር ያጎርፋል፤ እንደ ውሃ ፓምፕ። የተቀደደው ስፒከር ይንዘረዘራል። ሹፌሩ ልጅ ዞር ብሎ፣ ማን እንደተጫወተው ሳያውቅ፣ «ብሮ፣ ያችን ኦርጋን ብታወጧት?» አለን።

ማንም አልተነፈሰም። ጋሼ ወደ ውጭ ያያሉ። እሷ እኔን ታያለች።

ያን ማታ ኪቦርዱን አወጣሁት። ሁሉንም። የቀረው ድምጿ፣ ማሲንቆውና ዶሮው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ይዤው ሄጄ አንድ አሳታሚ በስልኬ አንድ ደቂቃ ሰማልኝ። ክሊፕ ከሌለው አይሆንም አለ፤ ክሊፑንም ራሳችን እንድንከፍል። ተመልሼ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት፤ ለምስሉ የሐይቅን ፎቶ አደረግሁ። ከአራት መቶ ብዙም ያልበለጠ ሰው አየው፤ መቶው እኔ ነኝ። እሷ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጂዳ ሄደች። ፓስፖርቷ ከምጣዱ በፊት ነበር የተጀመረው፤ ያኔውኑ ነግራኛለች። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ ጫንኩ። ሃይማኖት እንዳትሉኝ፤ በኛ አገር እሱ አንድ ሰርግ ሁለት ድግስ ቢያስደግስ ነው። አላልኳትም፤ በቃ።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ ሰውዬው ባሏን ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ በቼክኛ ይጠይቃታል። እሷም በቼክኛ ትመልሳለች። ትርጉም የለውም፤ ሆን ብለው ነው የተዉት። ሰውዬው ምን አልሽ ይላል፤ አትነግረውም። የእኔ ቅጂ ጭራሽ ምንም የጽሑፍ ትርጉም ስላልነበረው፣ እንግሊዝኛውንም በግማሽ ነው የሰማሁት፤ ስለዚህ ሌላው ተመልካች በዚያች ቦታ ብቻ የሚሆነውን እኔ ፊልሙን ሙሉ ሆኜዋለሁ። ኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። የምወደው አንተን ነው ብላዋለች። ባልፈልገው ይሻል ነበር።

ለጎረቤቴ ፊልም ጫኙ አሳየሁት። «ምን ዓይነት የፍቅር ፊልም ነው? ሳይሳሳሙ አለቀ!» ብሎ ተናደደ። አዎ፣ አይሳሳሙም። እሱ ወደ ለንደን ይሄዳል፤ ለእሷ ፒያኖ ገዝቶ ይልክላታል፤ ባሏም ተመልሷል። እሷ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ካሜራው ወደ ኋላ እየሸሸ ይሄዳል። ጎረቤቴ ገንዘቡን መልሱልኝ ሊል ምንም አልቀረው፤ በነፃ አይቶ።

ትናንት እናቷ መጡ። ያው ምጣድ፣ ያው ሽቦ፣ ሌላ ቦታ ተቃጥሎ። ልጃቸው ደህና ናት አሉ፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ጀሶው እስኪደርቅ የሚያዩት ነገር አጥተው ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ያች ዘፈን አለች ይላሉ። እኔ እኮ አልሰማኋትም። ስትቀዱ ለጎረቤት ለቅሶ ኩታበር ነበርኩ።»

ሚሞሪያቸው ላይ ጫንኩላቸው። ድምፅ ማጉያውን ልከፍት ስል ከእጄ ወሰዱትና እንደ ሚደወል ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከውጭ ሆኜ ማሲንቆው ብቻ በቀጭኑ ይሰማኛል። ሁለተኛው አንጓ አለቀ። ትንፋሽ። ዶሮው ጮኸ።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«የኛ ነው እኮ!» አሉ። «ስትሄድ ያረድንላት።»