ከሰሉን ተከተልኩት

ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር የአሜሪካ ታሪክ ወሰድኩ። የፕሬዘንቴሽን ርዕስ በዕጣ ሲታደል 1898 ደረሰኝ፤ አሜሪካ ከባሕር ማዶ አገር መያዝ የጀመረችበት ዓመት። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሜ ማውራት ነበረብኝ። እንዴት እንደተወጣሁት ልጻፈው፤ እንደኔ በሥራና በትምህርት መሀል ለሚዋልል ሰው ይጠቅም ይሆናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ ልቀይራቸው ብዬ አንድ ሙሉ ሺፍት አቃጥያለሁ። አትሞክሩት።)

መጀመሪያ አገር ቤት የለመድኩትን አደረግኩ፤ ሸመደድኩ። ካርድ ገዝቼ በአንዱ ፊት ቀኑን፣ በሌላው የሆነውን ጻፍኩ። ፌብሩዋሪ 15፣ ሜይን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ፣ ያኔ በስፔን እጅ በነበረችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ኤፕሪል ላይ ከስፔን ጋር ጦርነት። ሜይ 1፣ የአሜሪካው ኮሞዶር ዴዊ የፊሊፒንስ ከተማ ማኒላ ላይ የስፔንን መርከቦች ደመሰሰ። ጁላይ ላይ ሃዋይ ወደ አሜሪካ ተጠቀለለች። ዲሴምበር 10 የፓሪስ ውል፤ ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋምና ፊሊፒንስ ለአሜሪካ። መኪና ሲመጣ ካርዱን አስቀምጬ ቁልፍ እቀበላለሁ። ስመለስ ጉዋምና ሃዋይ ተምታተውብኛል።

በዚሁ ሁኔታ ለቡድናችን ሙከራ አቀረብኩ። «አሜሪካ ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛች» ብዬ ወደሚቀጥለው ካርድ ላልፍ ስል፣ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ የፊሊፒንስ ሴት እጃቸውን አነሱ።

«ከማን ነው የገዛችው?»

«ከስፔን።»

«ያኔ ስፔን እጅ ላይ ነበርን እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ሄጄ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የፊሊፒኖቹ መሪ አጊናልዶ ጁን 12 ቀን ነጻነት አውጇል። ወታደሮቹ ማኒላን ከበዋታል። ስፔኖቹ ለፊሊፒኖች እጅ መስጠት ስላልፈለጉ ኦገስት 13 ቀን ከአሜሪካኖቹ ጋር ተነጋግረው የይስሙላ ውጊያ አደረጉ። ከተማዋ ለአሜሪካ ተሰጠች፤ ፊሊፒኖቹ ውጭ ቀሩ። ፓሪስ ላይ ውሉ ሲዋዋል አጎንሲልዮ የተባለ መልእክተኛቸው እዚያው ከተማ ነበረ። ግን አላስገቡትም።

እኔ እኮ የውጫሌን አንቀጽ 17 እየተማርኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። አድዋ ከዚህ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የራሳችን ታሪክ ቢሆን ኖሮ «ገዛች» ብዬ በአንድ ካርድ አላልፈውም ነበር። ከዚያ ወዲህ «ገዛ»፣ «ያዘ»፣ «ተጠቀለለ» የሚል ቃል በጻፍኩ ቁጥር አጠገቡ በእርሳስ «ከማን?» እጽፋለሁ። ግማሹን ካርድ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ሃዋይ ለምሳሌ። ንግሥት ሊሊዩኦካላኒ በ1893 ከዙፋኗ ተገልብጣለች፤ በ1897 ደግሞ ከ21 ሺህ በላይ ሰው መጠቅለሉን ተቃውሞ ፈርሟል። ያም ሆኖ ተጠቀለለች።

አሁንም ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ይህን ሁሉ መሬት የያዘ አገር በውቅያኖስ መሀል ያለች ሚጢጢ ደሴት ምን ያደርግለታል? መጽሐፉ ምክንያት አላነሰውም። የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ገበያ ፍለጋ፣ ጋዜጦቹ የሚያራግቡት ወሬ፣ «እናሠልጥናቸው» የሚለው የዘር ትዕቢት። ሁሉም እውነት ነው። ግን ለእኔ አንዱ ከሌላው አልያያዝ አለኝ።

ያያያዘልኝ ከሰል ነው። አንድ ኦፍ ቀኔን አርሊንግተን መካነ መቃብር ሄድኩ። የሜይን ምሰሶ እዚያ ቆሟል። መርከቧን በ1912 ከባሕር ሲያወጧት ነው የተረፈው። ምሰሶው ከድንጋይ በተሠራ ክብ ቤት ላይ ተተክሏል፤ የሟቾቹ ስም በግድግዳው ዙሪያ ተቀርጿል። ዞሬ ዞሬ አነበብኩ። ያኔ የፍንዳታው ጥፋት በስፔን ላይ ተላከከ። በ1976 ግን አድሚራል ሪክኦቨር ባስጠናው ጥናት፣ ምናልባት መርከቧ ራሷ የጫነችው ከሰል ተቀጣጥሎ የጥይቱን ክፍል አፈንድቶት ይሆናል ተባለ። ከሰል!

እኛ ከሰል ስንል የሚታየን ጀበና ነው። ይህኛው የድንጋይ ከሰል ነው፤ የዚያ ዘመን መርከብ ያለሱ አይንቀሳቀስም። በየጊዜው ወደብ ገብቶ መሙላት አለበት። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ገለልተኛ አገር ወደቡን ይዘጋበታል። ዴዊ ሆንግ ኮንግ ነበረ፤ ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዞቹ ውጣልን አሉት። በአቅራቢያው አንድም የአሜሪካ ወደብ የለም። ወይ ማኒላን መያዝ፣ ወይ ፓሲፊክን አቋርጦ ወደ ቤት መመለስ።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቀን ሳይሆን በከሰል ደረደርኳቸው። ያኔ ነው 1898 መጀመሪያ እንዳልሆነ የገባኝ። ፓጎ ፓጎ፣ ሳሞአ፣ በ1878 የከሰል ጣቢያ። ፐርል ሃርበር በ1887፣ እንደዚያው። ከዚያ ጉዋም፣ ማኒላ። በ1903 ጓንታናሞ፣ ኩባ። የኪራይ ውሉ ራሱ «የከሰል ወይም የባሕር ኃይል ጣቢያ» ይላል፤ በዓመት 2000 ዶላር በወርቅ። ማሃን የሚባለው የባሕር ኃይል መኮንን ከ1890 ጀምሮ ሲሰብከው የነበረውም ይኸው ነው፤ ንግድ መርከብ ይፈልጋል፣ መርከብ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂው ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያውን ለመጠበቅ ደግሞ ሌላ ማረፊያ። ማለቂያ የለውም።

ከሰል ሁሉን ያስረዳል እያልኩ አይደለም። ወደብ ብቻ ቢሆን የፈለጉት ማኒላ ትበቃቸው ነበር። ሙሉውን ፊሊፒንስ ሲወስዱ ጦርነት ተነሣ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1899፣ ሴኔቱ ውሉን ሊያጸድቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። ድምፁ 57 ለ27 ነበር፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ በአንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለፈው። ከ4 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደር ሞተ። ከፊሊፒኖቹ በረሃብና በኮሌራ ያለቀው ሲቪል ብቻ ከ200 ሺህ እንደማያንስ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ይህን ስናገር ሴትዮዋን ላለማየት መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነበር።

ክፍሉን ያሳቀልኝ ጉዋም ነው። ጁን ላይ ቻርለስተን የተባለች የአሜሪካ መርከብ መጥታ ምሽጉ ላይ ተኮሰች። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ስፔኖች ጦርነት መኖሩን አልሰሙም። የክብር ሰላምታ መስሏቸው በጀልባ መጡና «መልሰን እንዳንተኩስ ባሩድ የለንም» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በነጋታው ተማረኩ። አስተማሪው እንኳ ሳቀ።

ስለ ፓናማ ያዘጋጀሁትን በሙሉ ጣልኩት፤ ሰዓት አልበቃም። ፖርቶ ሪኮንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኳት። ያ ግን ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ደሴቲቱ ላይ የሚኖር ዜጋ ፕሬዚዳንት አይመርጥም። አሁን ብሠራው ከእርሷ እጀምር ነበር።

በመጨረሻ አስተማሪው፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው፣ ወረቀቱን ሲመልስልኝ አምስት ነጥብ ቀንሶብኝ አገኘሁ። ከታች በቀይ እንዲህ ይላል፤ «ሩዝቬልትስ?»

እውነቱን ነው። ስለ 1898 አሥራ አምስት ደቂቃ አውርቼ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን የቴዎዶር ሩዝቬልትን ስም አንድ ጊዜም አላነሣሁም። ይባስ ብሎ በኋላ ሳገላብጥ ምን አገኘሁ? ሜይን በፈነዳች በአሥረኛው ቀን፣ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ከቢሮ በወጣበት ከሰዓት፣ ምክትሉ ሩዝቬልት ለዴዊ ቴሌግራም ልኳል። መርከቦችህን ሆንግ ኮንግ ሰብስብ፣ ጦርነት ከታወጀ ወደ ፊሊፒንስ ዝመት ይላል። መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ አጭር ትእዛዝ አለች፤ ከሰል ሙላ።