የምርምር ገንዘብ ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ለምን ይከስራል?

አንድ ተመራማሪ 400,000 ዩሮ የሚያወጣ ፕሮጀክት ሲያመጣ የግቢው መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ጥበቃ፣ ሒሳብና ግዢ ክፍል ሁሉ ለእሱም ይሠራሉ። የእነዚህ ወጪ ኦቨርሄድ ይባላል። በውሉ ካልተጠየቀ ዩኒቨርሲቲው ከመደበኛ በጀቱ ለጋሹን እየደጎመ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የፕሮፖዛል ጥሪ እንደወጣ ቀድሞ መነበብ ያለበት የኦቨርሄድ አንቀጽ ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን ዩሮፕ ከቀጥታ ወጪ (ለፕሮጀክቱ ብቻ ከሚውለው ገንዘብ) ላይ 25 በመቶ ኦቨርሄድ ይሰጣል፤ በንዑስ ውል ለሌላ የሚተላለፍ ሥራ ግን አይታሰብም። ቀጥታ ወጪው 400,000 ዩሮ ከሆነ 100,000 ዩሮ ይጨመራል። የኢትዮጵያ ተቋማትም ከዚህ ፕሮግራም ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ደግሞ ለውጭ አገር ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ብቻ ነው፣ ያውም የመሣሪያ ግዢ ሳይቆጠር። ይህ አይበቃም። የፕሮጀክቱን ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝና የኦዲት ክፍያ፣ ለጋሹ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ገና ከጅምሩ በቀጥታ ወጪ ማስያዝ ያስፈልጋል። ውል ከተፈረመ በኋላ ማስገባት እጅግ ከባድ ነው።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚያስከስረው የሰነድ ጉድለት ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ የሒሳብ መዝገብ ይኑር፤ ሠራተኞች የሠሩባቸው ቀናት በየወሩ ተመዝግበው ይፈረሙ። ኦዲተር ውድቅ ያደረገውን ወጪ የሚመልሰው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ተመራማሪው ያኔ ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል።

ክፍፍሉም ወሳኝ ነው። ኦቨርሄዱን ዋናው ግቢ ጠቅልሎ ሲወስደው ተመራማሪዎች ቀጣዩን ፕሮጀክት ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ባለ ድርጅት በኩል ማስኬድ ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ቢያንስ ግማሹ ለኮሌጁና ለትምህርት ክፍሉ መድረስ አለበት፤ ያም በጽሑፍ መመሪያ።

ከ2015ቱ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወዲህ ስለ ኢንዶውመንት፣ ማለትም ከለጋሾች ተሰብስቦ ትርፉ ብቻ ለሥራ ስለሚውል ቋሚ ፈንድ፣ ብዙ ይወራል። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን ብር ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ቢወጣ ነው። ቁጠባ ላይ ማስቀመጥ ግን ያጠፋዋል፦ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የሚከራይ ሕንፃ ወይም አክሲዮን ይሻላል። ለጋሽ ሊሆኑ የሚችሉት ተመራቂዎች አድራሻ በወጉ ያልተያዘበት ግቢ ግን ስለ ፈንዱ ከመነጋገሩ በፊት ከሬጅስትራር መዝገቡ ይጀምር።