300 ደቂቃ ወይስ 420

እንግሊዝኛ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስለ ስፖርትና ጤና ተናገሩ ሲባሉ ልጆቹ ሁሉ አንድ ነገር ነው ሚያወሩት። «ማይ ፌቨሪት ስፖርት ኢዝ ፉትቦል። ስፖርት ኢዝ ቬሪ ኢምፖርታንት ፎር አወር ሄልዝ። ታንክ ዩ።» ቁጭ። ቀጣዩ ይነሳል፣ ያንኑ ይላል፣ ቢበዛ ፉትቦሉን በራኒንግ ይቀይረዋል። መምህሩም እያዛጋ «ቬሪ ጉድ፣ ክላፕ ፎር ሂም» ይላል፣ ፔሬዱ ያልቃል፣ ሌሰን ፕላኑ ላይ ስፒኪንግ ተሰርቷል ተብሎ ራይት ይደረግበታል። ማንም ምንም አልተናገረም እኮ። የተሸመደደ ነገር ነው ተራ በተራ የተባለው።

እኔ በዛን ጊዜ ማስተምረው ጎጃም ውስጥ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ጮቄ ስር ካለች ከተማ፣ 11ኛ ክፍል። ከልጆቹ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ ለሶስት ለአራት ሆነው ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ አርብ ከክፍል ሲወጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሁድ ከሰአት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፣ እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በሶው። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ፔሬድ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ካያችሁ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ አይደለም፣ ትከሻው ነው ያልተመለሰለት። ይሄን የምለው በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

2015 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ ነው፣ ገና ሊደርስ ሲል። የለቱ ርእስ ጤናና የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር። በዛው ቀን ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ቼክሊስቱን ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው፣ ኮታቸውን አላወለቁም፣ ብርድ ነው። እኔ የአለም ጤና ድርጅት ሚመክረውን ብላክቦርድ ላይ ጻፍኩ፣ ከ5 እስከ 17 አመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ አዋቂ ደሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ። ከዛ ማነው ይሄን ሚያሟላ ብዬ ጠየቅኩ። እጅ ያወጡት የከተማዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ማታ ማታ ኳስ ሚጫወቱት። ኋላ አካባቢ ያለች አንዲት ልጅ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ዶንት ዩ ዱ ስፖርት?» አልኳት።

«ኖ ቲቸር።»

ልጅቷ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ከ«የስ ቲቸር» እና ከ«ኖ ቲቸር» ውጪ ሌላ ነገር ተናግራ አታውቅም። ላልፋት ነበር፣ ግን ዝም ብሎ ለወሬ ያህል አርብ ወደ ቤትሽ በምንድነው ምትሄጂው አልኳት። «አይ ዎክ።» ስንት ሰአት? «ቱ ኤንድ ሃፍ አወር።» እሱም ዳገት ነው፣ ጮቄን እያዩ ሽቅብ። ብላክቦርዱ ላይ ሁለት ሰአት ተኩል ሲባዛ በሁለት ብዬ ጻፍኩና ወደ ደቂቃ ቀይሩልኝ አልኳቸው። ስሪ ሀንድረድ! ብለው ጮሁ። እንግዲህ አርብ መሄጃውና እሁድ መመለሻው ብቻ 300 ደቂቃ፣ ለአዋቂ ከተባለው ጣሪያው ማለት ነው።

እዚጋ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አንዱ ከፊት የሚቀመጥ ሒሳብ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ተነሳ፣ «ኖ ቲቸር፣ ሺ ኢዝ ኖት አደልት! ሺ ኢዝ ሰቨንቲን! ሲክስቲ ታይምስ ሰቨን፣ ፎር ሀንድረድ ትዌንቲ! ሺ ኒድ ዋን ሀንድረድ ትዌንቲ ሞር!» ልክ ነው እኮ። ለሷ እድሜ በሳምንት ሲደመር 420 ነው ሚመጣው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ልጁን ላመሰግነው አፌን ስከፍት ያቺ ልጅ ማንም ሳይጠራት ብድግ አለች፦

«ዩ ፕሌይ ቦል፣ አይ ካሪ ዎተር! ኤቭሪ ሞርኒንግ፣ ትዌንቲ ሊትር! ዩ ካሪ ዎተር? ሁ ካሪ ዩር ዎተር? ዩር ሲስተር!»

ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ ተናጋ። ሴቶቹ በሙሉ አጨበጨቡ። ልጁ ሊመልስ ይሞክራል፣ ውሃ መቅዳት ስራ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም ነው ሚለው፣ ሌላዋ ደሞ ልብህ ከመታ ላብህ ከወጣ ምን ልዩነት አለው ትለዋለች፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ግስ ይሳሳታል፣ ኤስ ይቀራል፣ ግን ማንም አያቆምም። እኔ መሀል ገብቼ ለጤና ሲባል እንቅስቃሴው ከስራም ይምጣ ከመንገድም ይምጣ ከጨዋታም ይምጣ ድርጅቱ ይቆጥረዋል አልኳቸው፣ ያ ደሞ እሳቱ ላይ ጋዝ እንደማፍሰስ ሆነ።

ቀጥሎ አንዱ የገጠር ልጅ «ኤንድ ገና?» አለ። ገናም ይቆጠራል ወይ ነው። እኔ ያደኩት ባህር ዳር ነው፣ ገና ጨዋታን አየሁት እንጂ ዱላውን ጨብጬ አላውቅም፣ ስለዚ ከልቤ ነው የጠየቅኩት፣ እንዴት ነው ምትጫወቱት፣ ስንት ሰው ነው፣ ዳኛ አለው ወይ። ይሄ ጥያቄ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። መምህር ተማሪን ሁልጊዜ ሚጠይቀው መልሱን አውቆት ነው፣ ልጆቹ ይሄን ያውቁታል፣ ስለዚ የሚመልሱት ለማወቅ ለፈለገ ሰው ሳይሆን ለማርክ ነው። እኔ ግን አላውቅም ነበር፣ ፊቴ ላይም ያስታውቃል መሰለኝ።

ልጁ ወጥቶ ብላክቦርዱ ላይ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ሳለ። ሩሩን ሳለ፣ የገና ኳሷን ማለት ነው። ሁለት ቡድን፣ እኩል ከሆነ ቁጥሩ አይገድም፣ ሃያም ሰላሳም ይሆናል አለ፣ ሜዳው ልኬት የለውም፣ ሩሩን መትተህ ወደ ባላጋራህ ወሰን ታሳልፋለህ፣ ቅልጥምህን ከተመታህ ያው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው። ይቺን ተረት ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሶስት ልጆች ተባብረው «ኢን ገና፣ ማስተር ኢዝ ኖት አንግሪ» ላይ ደረሱ። መቼ ነው ሚያልቀው ስለው «ዌን ዘ ሰን ኢዝ ፊኒሽ» አለኝ። አላረምኩትም፣ ማረም ሚባል ነገር ያን ሰአት ኃጢአት ነው ሚመስለኝ።

ሌላው ተነስቶ የኛ አገር ሩር ከእንጨት ነው ሚጠረበው አለ፣ ያኛው አይ የኛ ከቆዳ ነው፣ ከእንጨት ከሆነ ጥርስ ያወልቃል አለ። በዚህ መሀል ከኋላ ወፍራም ድምፅ፦ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ኢን ማይ ፕሌስ...» ዞር ስል ሱፐርቫይዘሩ ናቸው! ቼክሊስቱን ወንበሩ ላይ ጥለው ቆመዋል። በልጅነታቸው በሳቸው አገር የዛፍ ስር ተቆፍሮ ነበር ሩር ሚሰራው፣ ይሄን በእንግሊዝኛ አስረዱን፣ ላብ በላብ ሆነው፣ «ሩት» ሚለው እስኪመጣላቸው በእጃቸው መሬት እየቆፈሩ። ልጆቹ እንዳገዟቸው ብታዩ።

ደወል ተደወለ። ስታፍ ገብተን ግብረ መልስ ተሰጠኝ። ርእሱን አላጠቃለልክም፣ ክፍሉ ጫጫታ ነበር፣ ሌሰን ፕላንህ ላይ ካለው ገጽ ወጥተሃል፣ ተማሪዎቹን በቡድን 1 ለ 5 አላደራጀህም። ዝቅተኛ። እኔም አላስቻለኝም፣ «ግን እኮ እርስዎም ተከራክረዋል» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «እሱ ሌላ ነው ልጄ፣ ቼክሊስቱ ሌላ ነው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ቼክሊስቱ ላይ «ተማሪዎች ተናገሩ ወይ» ሚል ሳጥን የለም፣ ሰውየው ምን ያድርጉ።

ከዛ በኋላ የቤት ስራ ቀየርኩ። የሳምንት እንቅስቃሴያችሁን በደቂቃ በእንግሊዝኛ መዝግባችሁ አምጡ አልኳቸው፣ የሄዳችሁበትን፣ የተሸከማችሁትን፣ የተጫወታችሁትን። ሰኞ እርስ በርስ ይመረመራሉ፣ ያልተስማማ ይጠይቃል። ሃው ሎንግ፣ ሃው ኦፍተን፣ ሃው ፋር፣ ሰዋስው ላይ ስንት ወር ስፈጭ የኖርኩት ነገር በአንድ ጊዜ መጠቀሚያ አገኘ። እጅ አውጥተው ከነበሩት ኳስ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች በታች ሆኑ፣ ያ የሒሳብ ጎበዝም ጭምር። በሚቀጥለው ሳምንት «ካሪ ዎተር፣ ፎርቲ ሚኒትስ» ሚል መስመር ጽፎ መጣ። እውነት ይሁን ውሸት እህቱ ትወቀው።

አንድ ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ወጣቶችን እንግሊዝኛ ለማስወራት ኳስ ይበቃል ይላል። ለኔ ኳስ ከሁሉም የባሰ ርእስ ነበር። ልጆቹ ዲኤስቲቪ ቤት ሲያመሹ ኦፍሳይድ፣ ኮርነር፣ ፔናሊቲ፣ ክሊንሺት ምኑ ቅጡ ያውቃሉ፣ ግን ሁሉም ስም ነው፣ ግስ የለበትም። የትላንቱን ጎል ንገረኝ ስትለው «ኮርነር፣ ሄድ፣ ጎል!» ይልሃል፣ አለቀ። ከዛ ስለ አርሰናል ክርክር ይነሳና በሁለት ደቂቃ ውስጥ አማርኛ ይገባሉ፣ ሴቶቹም ፊታቸውን ያዞራሉ። ሩጫ ይሻላል፣ ሩጫ ታሪክ አለው። በዛው አመት መስከረም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2022፣ ያለምዘርፍ የኋላው የለንደን ማራቶንን ስትሮጥ መንገድ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደረሰችባቸው፣ በ2 ሰአት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣች፣ 23 አመቷ ነበር፣ ለንደንን ካሸነፉት ሴቶች በእድሜ ትንሿ እሷ ሆነች። ይሄን አንድ ጊዜ ነገርኳቸውና መልሳችሁ ንገሩኝ አልኳቸው። ፌል፣ ጎት አፕ፣ ራን፣ ኬም ባክ፣ ዎን። ያለፈ ጊዜ ግስ ሲያስጠሉኝ የኖሩት ሁሉ እዛች አንዲት ውድቀት ውስጥ አሉ።

ምግብ ላይ ደሞ ባላንስድ ዳይት ሚለው ርእስ ሞተብኝ፣ ፕሮቲን ካርቦሃይድሬት ብለው ሸመደዱና ተቀመጡ። የተነሳው ጨው ላይ ነው። አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይውሰድ ነው ሚባለው፣ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። እኛ አገር ገጠር ቡና በጨው ነው ሚጠጣው፣ ስለዚ የስኒውን ጨው መቁጠር ተጀመረ። አንዱ ቅዳሜ እናቱ ጋ ሄዶ «ዩ ሹድ ኖት» ሚለውን በአማርኛ ነግሯት፣ መልሷን ሰኞ ለክፍሉ አቀረበ፦ «ማይ ማዘር ሴይ፣ ቴል ዩር ቲቸር፣ ሂ ሹድ ኖት ካም ቱ ማይ ኮፊ።» ቡናዬ ላይ እንዳይደርስብኝ ማለቷ ነው። እኔም ተው እናትህን ሁለተኛ እንዳትነካ፣ ቀስ እያልክ ሶስቱን ስኒ ሁለት አድርግላት አልኩት።

ጥር ላይ ያለፈው አመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ፣ በአገር ደረጃ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ። ከዛ በኋላ ስታፍ ውስጥ ወርክሺት ነው እንጂ ምን ወሬ ነው ተባለ። ከኛ ጋር አንድ ጋሼ ምንላቸው የጂኦግራፊ መምህር አሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ «አንተ ልጅ፣ ፈተናው ላይ ተናገሩ አይልም፣ ወሬ አያሳልፍም» አሉኝ። ፈተናው እንደማያስወራ እኔም አውቃለሁ። ግን ምንባቡ ሁለት ገጽ ነው፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሳቸው ጂኦግራፊ ጭምር። በገዛ አፉ አምስት ቃል ገጣጥሞ ማያውቅ ልጅ ያንን ምንባብ ሲያነብ ቃል በቃል እየለቀመ ስለሆነ መሀሉ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ወርክሺት ይሄን አይጠግንም። እንዲህ አልኳቸው፣ አልተስማሙም።

ጋሼ ስኳር አለባቸው፣ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሏቸዋል፣ ስለዚ የደቂቃዋን ወረቀት ግን ስጠኝ ብለው ወስደዋል። አሁን ባጃጁን ትተው ጠዋት በእግራቸው ነው ሚመጡት። የኔ ተማሪዎች መንገድ ላይ ባዩአቸው ቁጥር «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር፣ ሃው ሜኒ ሚኒትስ ቱደይ?» ይሏቸዋል። አንተ ነህ ያባለግካቸው ብለው እኔን ይቆጡኛል፣ ከዛ ሰአታቸውን አይተው ቆመው በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል፣ ትርፍም ይጨምሩበታል።