የጥንድ በሬ ዋጋ

የምሠራው ሐይቅ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ያለችው ከተማ፣ ከውሃው ዳር። ጀልባ እነዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩን ልጆች ዋና አስተምራለሁ።

ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ተሸክሞ መጣ። ልብስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዊንግፎይል ሆኖ ተገኘ። ለማታውቁት ላስረዳ። በእጅ የሚያዝ፣ አየር የሚሞላ ክንፍ አለ። ከእግር በታች ቦርድ አለ። ከቦርዱ ሥር ደግሞ ረዘም ያለ ዘንግ ላይ የተገጠመ፣ የትንሽ አውሮፕላን ክንፍ የመሰለ ነገር ይታሰራል፤ ፎይል የሚሉት እሱ ነው። ፍጥነት ሲያገኝ ቦርዱን ከውሃው ብድግ ያደርገዋል። ጓደኛዬ አንድ ዙር ሲዞር ዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፋቸውን ትተው ያዩት ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አሠለጠነኝ። ሲመለስ ዕቃውን ተወልኝና «ልጆቹን አስተምርበት፤ ፎይሉን ግን አውልቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፎይል ስለት አለው፤ ልጅ ሲወድቅ እሱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጀማሪ መጀመሪያ መሬት ላይ ቆሞ ክንፉን ይለማመዳል። ከዚያ ፎይል በሌለው ሰፊ ቦርድ ላይ ተንበርክኮ ይጀምራል። ይህን ሁሉ እንደተባልሁት አደረግሁ። ሄልሜት፣ ላይፍ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ ሁሉም ነበረ። ጀልባዬም ነዳጅ ተሞልታ ዳር ላይ ትጠብቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አበላሽቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ሣር ላይ አስቀምጬ፣ ክንፉን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን አፍጥጬ «ስሙኝ! ይህ የጥንድ በሬ ዋጋ ነው። የቀደደ፣ የጣለ፣ ወዮለት!» አልሁ። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ጥንድ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ምንም ቢመጣ ከቦርዱ እንዳትለዩ» ማለቴም አልቀረም። ግን ያንን ያልሁት በኋላ ነው፤ ድምፄም እንደ በሬው አልከበደም።

በአራተኛው ሳምንት ነው የሆነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጡ። ነፋሱ ከኋላችን፣ ከመሬት ወደ ውሃው ይነፍስ ነበር። እንዲህ ያለ ነፋስ አታላይ ነው። ዳር ላይ ዛፉና ኮረብታው ስለሚከልለው ሐይቁ የተኛ ይመስላል። ትንሽ ገባ ሲሉ ግን ይበረታል፤ አንዴ ከያዘም የሚወስደው ወደ መሃል ነው። አውቅ ነበር። እንደዚያ ላብ በላብ ሆነው መጥተው «ዛሬ የለም» ማለት ከበደኝ።

ደግሞ ተራቀቅሁ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ያው ክንፍ እዚህ ጉልበቱ ያንሳል። ስለዚህ ለልጅ የሚሆነውን ባለ 3 ሜትር ካሬ አስቀምጬ ባለ 4ቱን ነፋሁ። ዳር ላይ ላለው ነፋስ ልኩ ነበር።

ተራው የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ቀጭን ነው፤ ዝም ያለ፤ ከሁሉም ቶሎ የሚገባው። ክንፉን ከእጁ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ለአዋቂ የተሠራ ነው። እስከ መጨረሻው ጠበቅ አደረግሁለት። እንዲያም ሆኖ በእጁ አንጓ ላይ ይዞር ነበር። አይቻለሁ። አለፍሁት።

መቶ ሜትር ያህል እንደገባ ነፋሱ ክንፉን መነተፈው። ማሰሪያው እንደ አምባር ከእጁ ሾልኮ ወጣ። ክንፉ በውሃው ላይ እየተንከባለለ ነጎደ። እኔ እስከዚህ ድረስ አልደነገጥሁም። ቦርዱ በእግሩ ታስሯል። በሆዱ ይተኛበታል፣ እኔ በጀልባ ሄጄ አመጣዋለሁ። እንዲያውም ወደ ጀልባዬ የሄድሁት በእርምጃ ነው።

ዞር ብዬ ሳይ ልጁ አጎንብሷል። የእግሩን ገመድ እየፈታ ነው።

ፊሽካ ነፋሁ። ጮኽሁ። ዘሎ ገባና ከክንፉ ኋላ መዋኘት ጀመረ። ነፋስ የያዘውን ክንፍ ማንም ዋናተኛ አይደርስበትም። ቦርዱም ከሰው የፈጠነ ነው፤ እሱም በሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። የሐይቃችን ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ልጁ ላይ ያለው ላይፍ ጃኬቱ ብቻ ነው። ሞተሩ ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ተነሣ። ያቺ ሳይነሣ የቀረባት ሁለተኛዋ ሙከራ ዛሬም ሌሊት ትቀሰቅሰኛለች።

በጃኬቱ ማንገቻ ይዤ ወደ ጀልባው ሳብሁት። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ በሬው ሄደ። እናቴ ከየት ታመጣለች?»

ምን ይባላል? ጋቢዬን አለበስሁትና ዝም ብዬ ነዳሁ።

ማታ ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር። ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ነፋሱን፣ ማሰሪያውን፣ በሬውን። እስኪበቃኝ ሰሙኝ። ከዚያ ስኒውን እያቀበሉ «የኔ ወንድም፣ ልጄን የላክሁልህ ሊማር ነው። ዕቃ ሊጠብቅልህ ነው እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። በረካው ድረስ አስቀመጡኝ። የወሎ እናት ስትገሥጽ ቡና ሳታጠጣ አትሰድም። ስወጣም «አብሽር» አሉኝ። ከስድብ የባሰ ነበር።

ክንፉ በማግሥቱ ማዶ ቄጠማ ውስጥ ተገኘ። ያገኙት ዓሣ አጥማጆች የተቀደደ ድንኳን መስሏቸው ነበር። ለጥፌው ይሠራል።

አሁን ከመጀመሬ በፊት አፈር ዘግኜ እበትናለሁ። ወደ ውሃው ከሄደ ያን ቀን ሣር ላይ ኳስ እንጫወታለን፤ ቢያኮርፉም ያኮርፉ። ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ ወደ ወገብ ቀበቶ አዛውሬዋለሁ። የመጀመሪያው ትምህርትም ተለውጧል። ነፋሱ ወደ ዳር በሚገፋበት ቀን፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሆን ብሎ ክንፉን ይጥላል። ማሰሪያውን ፈትቶ፣ እጁን ከፍቶ፣ ይለቀዋል። ከዚያ ቦርዱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ፊሽካውን ይነፋል። ቀላል ይመስላል አይደል? በመጀመሪያው ቀን ማንም ደፍሮ አልለቀቀውም። አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ የምርህን ነው?» ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ።

ያ ልጅ ለሁለት ወር ያህል ጠፋ። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ከልጆቹ ኋላ ቆመ። አልጠራሁትም። ተራው ሲደርስ ራሱ ገባ። ክንፉን ያዘ፣ ወደ እኔ አየ፣ ለቀቀው። ቦርዱ ላይ ተዘረጋና ፊሽካውን ረስቶ በሙሉ ድምፁ «በሬው ሄደ!» ብሎ ጮኸ።

ዛሬ ፊሽካ የሚነፋልኝ የለም። ክንፍ በተለቀቀ ቁጥር ሁሉም የሚጮኹት ያንኑ ነው።