የጨረቃ ቤት፣ የጨረቃ መሬት

የልጄ ክርስትና ዕለት ታናሽ ወንድሜ ከውጭ የላከው ፖስታ ተከፈተ። ወፍራም ወረቀት፣ ወርቃማ ማኅተም፣ የልጄ ሙሉ ስም። አንድ ኤከር የጨረቃ መሬት ተገዝቶላታል። በእኛ ልክ 4,000 ካሬ ገደማ መሆኑ ነው። እማዬ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችና «ካርታ አለው?» አለች።

ሃና ማርያም ያደገ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። የመጀመሪያ ቤታችን ጨረቃ ቤት ነበር። አባቴ 150 ካሬ ከገበሬ ገዛ፣ በሦስት ምስክር ፊት ተፈራረመ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ አለበሱት። ወንድሜ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ፋኖስ ይዞ እስኪነጋ ቆሟል። ቤቱ በዶዘር ከፈረሰ ዓመታት አለፉ። ውሉን እማዬ ዛሬም በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ሻጩ የመሸጥ መብት እንዳልነበረው ያወቅነው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ለእማዬ በቅጡ ልመልስላት ብዬ ሳነብ ሰነበትኩ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጨረቃ ካርታ ሰጪ የላትም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት አንቀጽ 2፣ ማንም አገር ጨረቃን በይገባኛልም፣ በመጠቀምም፣ በመያዝም የራሱ ማድረግ አይችልም ይላል። የጨረቃ መሬት ሻጮች «የተከለከለው መንግሥት እንጂ ግለሰብ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። የግለሰብን ይዞታ የሚያጸናው ግን መንግሥት ነው፤ የራሱ ያልሆነውን ለማን ያጸናል?

አንቀጽ 8 ደግሞ ሌላ ነው፦ ወደ ጠፈር የተላከ ዕቃ ስለራቀ ባለቤቱን አይለቅም። ሶቪየት ኅብረት በ1973 ጨረቃ ላይ ያወረደችውን ባለ ስምንት ጎማ ሉኖኮድ 2፣ ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ በ1993 ኒው ዮርክ ውስጥ ጨረታ ላይ በ68,500 ዶላር ገዝቶታል። ተሽከርካሪው ዛሬም እዚያው ጨረቃ ላይ ነው። ተሽከርካሪው የእሱ፣ የቆመበት አፈር የማንም። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 40 አስታወሰኝ፦ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በጉልበትህ ወይም በገንዘብህ በላዩ የገነባኸው ግን ያንተ ነው።

የሚያሳስበኝ ቁፋሮው ነው። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ከጠፈር ቆፍሮ ያወጣ ባለቤት ይሆናል የሚል ሕግ አወጡ። ቦታው ሳይሆን የወጣው ብቻ ነው ይላሉ። ከሠፈራችን ጀርባ የነበረው ጉብታም አልተሸጠም፤ ገረጋንቲው ብቻ ነበር በሲኖትራክ የሚጫነው። አሁን ጉብታው የለም፣ ክረምት ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ነው። ጨረቃ ላይ ማን ምን ያህል ይቆፍር የሚለውን ዓለም ሁሉ ተቀምጦ መነጋገር አለበት፤ ቀድሞ የደረሰ ብቻውን እንዳይወስነው አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አውቃለሁ እታለም» አለኝ። «ይቺን እንኳ ማንም አያፈርስባትም ብዬ ነው።»