እሺ፣ እሺ ያሉኝ ባለጉዳይ

ሰኔ ተጋምሶ ነበር። ባሕር ዳር ክረምቱ ገብቷል። ጣና ጎርፍ ጠጥቶ ደፍርሷል፤ ከቢሮዬ መስኮት ሲያዩት ሻይ በወተት ይመስላል። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሰባት ወሬ ነው። የምሠራው ከሐይቁ ዳር እምብዛም በማይርቅ አንድ የጤና ተቋም፣ የሥነ ልቦና ምክር በሚሰጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ የፋይል መደርደሪያ አለን።

ጋሼ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ስማቸውን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ግን ቀያይሬዋለሁ። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ጣና ላይ ነው የጨረሱት፤ በልጅነታቸው በደንገል ታንኳ፣ በኋላ ሰውና ጭነት ወደ ዘጌ በሚያመላልስ የሞተር ጀልባ። ሐኪሙ የላከው ወረቀት ደም ግፊታቸውም ስኳራቸውም ደህና መሆኑን ይገልጻል። ከታች «የእንቅልፍ ችግር» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን ልርዳዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«አልጋ ላይ ከተኛሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ማስታወሻዬ ላይ «እንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ዓመት ገደማ» ብዬ ጻፍኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት። ከሰዓት በኋላ ቡና መተው። አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መጠቀም፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ ደግሞ ተነስቶ ቆየት ብሎ መመለስ። ምክሩ ስህተት አልነበረም። በጥናት የተፈተነ ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ጋሼ ለእያንዳንዱ ነገር «እሺ» ይሉኛል። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ።» በአንድ ገጽ የታተመውን መመሪያ ስሰጣቸው «ከራስጌዎ ይለጥፉት» አልኳቸው። አራት እጥፍ አድርገው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮ መሐል ላይ ዝም አሉና በመስኮቱ ሐይቁን አዩ። «ሌሊቱ ይረዝማል» አሉ። ድምፃቸው ሰለል አለ። እኔ ቶሎ ብዬ «አይዞዎት ጋሼ፣ ያልፋል» አልኩ። «እሺ» አሉ። ባርኔጣቸውን አነሱ። በአራተኛው ሳምንት አልመጡም።

አርብ አርብ ከሰዓት የሳምንቱን ሥራ የምንገመግመው ከአንዲት አንጋፋ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ነው። ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። «ጥሩ ለውጥ ላይ ነበሩ፤ ለምን እንደቀሩ አልገባኝም» አልኳት። ደብተሬን ተቀበለችና ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣች። «እሳቸው ካሉት ሥር ሰማያዊ አስምሪ። አንቺ ካልሽው ሥር ቀይ።»

አሰመርኩ። ሁለት ገጽ ተኩል ቀይ ሆነ። ሰማያዊው አራት መስመር አልሞላም።

ሲስተር የመጀመሪያው ሰማያዊ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ቃል በቃል ምን አሉሽ?»

አስታወስኩ። ነገርኳት።

«አልጋ ነው ያሉሽ ወይስ እንቅልፍ?»

ዝም አልኩ።

«ታዲያ የት ነው የሚተኙት?»

አላውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አልጋ አጠቃቀም ሳስተምራቸው የቆየሁት አልጋቸው ላይ የማይተኙ ሰውን ነው። ነግረውኛል እኮ። የተናገሩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።

ያን ቀን ማታ የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ። ካርል ሮጀርስን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1902 የተወለደ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እሱ ሲነሳ ሙያው በሁለት ትልልቅ መንገዶች ይሄድ ነበር። አንዱ የኦስትሪያዊው ሐኪም የሲግመንድ ፍሮይድ ነው፤ የተቀበረውን ያለፈ ነገር ቆፍሮ ይፈታል። ሌላው ባህሪን በልምምድና በሽልማት ይቀርጻል። ሮጀርስና ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አብርሃም ማስሎው ጥያቄውን ቀየሩት። ሰውን ምን ያሳምመዋል ከሚለው ጎን ለጎን ምን ያሳድገዋል ብለው ጠየቁ። ሂውማኒስቲክ ወይም ሰብአዊ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና የተወለደው እዚህ ላይ ነው። «ሦስተኛው ኃይል» መባሉም ከሁለቱ ቀጥሎ ስለመጣ ነው።

ያን ማታ ግን ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ አንድ ታሪክ ነው የያዘኝ። ሮጀርስ በወጣትነቱ ሮቼስተር በምትባል ከተማ ከልጆችና ከወላጆች ጋር 12 ዓመት ሠርቷል። አንዲት እናት ልጇ አስቸግሯት ትመጣ ነበር። እሱ የችግሩ ሥር እናትየው ልጁን በሕፃንነቱ መግፋቷ ነው ብሎ ደምድሟል። ይህንን በለዘበ ቃል ሊያስረዳት ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱም መሞከራቸውን፣ እንዳልተሳካላቸውም ተነጋግረው ተሰነባበቱ። ሴትዮዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ለአዋቂ ሰውም ምክር ትሰጣላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧ ዘረገፈችው። ትክክለኛው ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው። የሚያመው የት ላይ እንደሆነ፣ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚለው እምነቱ እንዲህ ካሉ ቀኖች የመጣ ነው።

«ባለጉዳይ» የሚለው ቃላችን ደስ ይለኛል። ሮጀርስ «ታካሚ» ማለትን ሆን ብሎ ትቶ «ክላየንት» የሚለውን የያዘው ሰውየውን ምክር ጠባቂ ብቻ ከመሆን ለማውጣት ነው። እኛ ቃሉን በየቢሮው ኮሪደር የሚጉላላ ሰው መጠሪያ አድርገነው ለመድነው እንጂ የጉዳዩ ባለቤት ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ እኛ አገር መሥራት ግን ቀላል አይደለም። ሰው ወደኛ የሚመጣው «ምከሪኝ» ብሎ ነው። ሽማግሌ ይመክራል፣ የነፍስ አባት ይመክራል፣ ታላቅ ወንድም ይመክራል። የሥራ ክፍላችን በር ላይ ራሱ «ምክር አገልግሎት» ተብሎ ተለጥፏል። ዝም ብዬ ባዳምጥ «ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ የታላቅ «እሺ» ያታልላል። ጋሼ «እሺ» ሲሉኝ የነበረው ተስማምተው ሳይሆን እንዳላፍር ብለው ነው። ጨዋ ሰው ናቸው።

ስልክ ተደወለላቸው። በሐምሌ አጋማሽ ተመለሱ። ሲስተር «ጠረጴዛውን ከመሃል አውጪው» ብላኝ ስለነበር ግድግዳ ጋ አስጠግቼዋለሁ። ደብተር አልያዝኩም።

«ጋሼ፣ ባለፈው እኔ ብዙ አወራሁ» አልኩ። «አልጋ ላይ ከተኛሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው ብለውኝ ነበር። የት እንደሚተኙ እንኳ አልጠየቅኩዎትም። ይቅርታ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ደጅ ባጃጅ ይጮሃል። አንድ ነገር ለማለት ምላሴን በላኝ። ያዝኩት።

«መደብ ላይ» አሉ በመጨረሻ።

ባለቤታቸው ያረፈችው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። የዘጌ ልጅ ነበረች። የተዋወቁት የእናቷን ቡና በጀልባ ሲያመላልሱ ነው። ሙት ዓመቷ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መኝታ ቤቱ እንደነበረ ነው፤ ነጠላዋ ከአልጋው ራስጌ እንደተሰቀለ ነው። «ከራስጌዎ ይለጥፉት» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«ለቅሶው ላይ ሁሉም ጠንካራ ነህ አለኝ» አሉ። «ልጆቹ እኔን ነው የሚያዩት። ወንድ ልጅ ደግሞ... ቻልኩት። አላለቀስኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ።» ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «ታንኳ ውሃ የሚጠጣው ከሥር ነው፣ ልጄ። ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። መቅዘፊያው ሲከብድሽ ነው የምታውቂው።»

«እርስዎም ከብዶዎታል። ጠንካራ ነህ ያለዎት ሰው ሲበዛ ማልቀሻ ቦታ አጡ።»

«እንደሱ ነው» አሉ። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

አይዞዎት አላልኩም። ደግ ቃል ነው፤ በእሱ ያደግነው ነው። ገና እንባው ሳይወርድ ሲባል ግን «በቃ፣ ዝጋው» ማለት ይሆናል። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ሁኔታዎች መካከል ሦስቱን ከአማካሪው ይጠብቃል። የሌላውን ዓለም ከውስጥ ሆኖ እንደራሱ ማየት። ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል። ውስጥና ውጭ አንድ መሆን፣ ማለትም የባለሙያ ጭምብል አለማጥለቅ። ፈተና ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን «ይቅርታ» ስላቸው ነው። እኔ ጥፋቴን ሳልደብቅ ስቀመጥ እሳቸውም የደበቁትን ማውጣት ቀለላቸው።

«ጠንካራ ነህ» የሚለውም ነገር በሐሳቡ ውስጥ ቦታ አለው። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደድበትን ቅድመ ሁኔታ ይማራል። እንዲህ ከሆንክ ጎበዝ ነህ፣ እንዲህ ከሆንክ ታሳፍራለህ። እያደር የሚሰማውና «ሊሰማኝ ይገባል» የሚለው ይለያያሉ። ጋሼ ውስጣቸው ያዘነ ባል ነው፤ ውጫቸው የማይነቃነቅ አባት። በሁለቱ መካከል የተከፈተው ክፍተት ነው መደብ ላይ ያስተኛቸው። የዚህ ሕክምና ግብ ያንን ክፍተት ማጥበብ ነው። ሰው የሚሰማውን ሳይፈራ እንዲያየው፣ በራሱ ስሜት እንዲያምን፣ ምርጫው የራሱ እንዲሆን። እንቅልፍ በዚያ መንገድ ላይ ይመጣ ይሆናል፤ መድረሻው ግን ከእንቅልፍ ይሰፋል።

«ታንኳው ሲከብድ ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ነገሩን ስለማላውቀው ነው የጠየቅኩት።

«ዳር አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ታቆሚዋለሽ። አትጨምቂው፣ አትደብድቢው። ውሃው ራሱ ይወርዳል።»

ሮጀርስ ይህንኑ ድንች ላይ ነው ያየው። ልጅ እያለ ቤታቸው ምድር ቤት ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው ድንች፣ ከላይ ካለች ትንሽ መስኮት ወደሚገባው ብርሃን ነጫጭ፣ ቀጫጭን ቡቃያ ይልክ ነበር። አፈር የለም፣ ዝናብ የለም፤ ሆኖም ያድጋል። እናቴም ለዘር ያስቀመጠችው ድንች ጓዳ ውስጥ በበሩ ስንጥቅ በኩል ሲያጎነቁል አይቻለሁ። ሮጀርስ ሰው ውስጥ ወደ ሙሉነት የሚገፋ ዝንባሌ አለ ሲል በጨለማም የማይጠፋውን ይህንን ነገር ማለቱ ነው። የአማካሪው ድርሻ መስኮቱን መክፈት ነው።

ለሁሉም ችግር ይህ ብቻ ይበቃል አልልም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው፣ ከእውነታው የራቀ ነገር የሚያይና የሚሰማ ሰው ዝም ብሎ ማዳመጥን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ፈጣን እርዳታ፣ መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ጋሼም መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው መሆኑ ትክክል ነበር። የእንቅልፍ መመሪያዬንም አልጣልኩትም፤ አሁንም ለሚሆነው ሰው እሰጣለሁ። ግን ከመስጠቴ በፊት የት ነው የሚተኙት ብዬ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሰባት ጊዜ መጥተዋል። ሙት ዓመቱ ላይ ልጆቻቸው ፊት አለቀሱ። ትልቁ ልጃቸው አብሯቸው አለቀሰ፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ የሳቸውን ፊት እያየ ነበር የቻለው። ነጠላውን ለማን እንደሚሰጡ አንድ ቀጠሮ ሙሉ አወሩ፤ በመጨረሻ ለማንም አልሰጡም፣ አጥፈው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። እኔ ምንም አላልኩም።

በመስከረም ማለቂያ፣ ሐይቁ እየጠራ ሲመጣ፣ ገብተው ገና ሳይቀመጡ «ትናንት አልጋውን አነጠፍኩት» አሉኝ።

ፊቴ በራ መሰለኝ። እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ።

«ተኛሁ አላልኩሽም። አነጠፍኩት ነው ያልኩሽ።»

ሲወጡ ደብተሬን ከፈትኩና በሰማያዊ ጻፍኩት። «አልጋውን አነጠፍኩት።»