የፈላስፋ አባባልና የከተማ ስም፦ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እንዴት እንደማወጣ

ጓደኛሞች እየተሰበሰብን የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር እናደርጋለን። ጥያቄ የማወጣው እኔ ነኝ። የኳስ ጥያቄ ላይ ማንም አይጨቃጨቅም፣ ውጤቱ ተመዝግቧል። ጭቅጭቁ ያለው ሁለት ቦታ ነው፦ የፈላስፎች አባባል ላይና የዓለም ከተሞች ስም ላይ። እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደማዘጋጅና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አባባል ላይ «ማን ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ግን ፌስቡክ ላይ ፎቶ ተለጥፎበት የሚዞረው ጥቅስ ስንቱ የሌላ ሰው ነው መሰላችሁ! «በምትለው አልስማማም፣ የመናገር መብትህን ግን እስከ ሞት እከላከላለሁ» የሚለውን ማን አለው ብትሉ ክፍሉ በሙሉ «ቮልቴር!» ብሎ ይጮኻል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ቮልቴር የሞተው በ1778 ነው። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈችው ደግሞ ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል የምትባል እንግሊዛዊት ናት፣ በ1906 ስለ ቮልቴርና ስለ ወዳጆቹ ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሰውዬውን አቋም በራሷ አነጋገር ስትገልጽ። አርስቶትልም የዚህ ሰለባ ነው፤ «ደጋግመን የምናደርገውን ነን» የሚለው የአሜሪካዊው ጸሐፊ የዊል ዱራንት ነው፣ በ1926 የአርስቶትልን ሐሳብ ሲያጠቃልል የጻፈው። ማኪያቬሊም «ግብ መንገድን ያጸድቃል» አለ ይባላል፤ «ልዑሉ» የተባለውን መጽሐፉን አገላብጡት፣ በዚህ መልክ አታገኙትም።

ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ ካላገኘሁት ጥያቄ አይሆንም። ሶቅራጥስ እንኳ ሲመጣ እጠነቀቃለሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው አንድ መስመር ጽፎ አልተወም፤ «ያልተመረመረ ሕይወት ለሰው መኖር አይገባውም» የሚለውን ስጠይቅ «ፕሌቶ እንደጻፈው፣ በአቴንስ ፍርድ ቤት ቆሞ ይህን የተናገረው ማን ነው?» ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን የሚከራከረኝ የለም።

ባለቤቱ በእርግጥ የሚታወቅ አባባል ሲሆን ደግሞ «ማን» የሚለውን ትቼ «የት» እና «መቼ» እጠይቃለሁ። «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» የዴካርት መሆኑን ተማሪው ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ያሳተመው በየትኛው ቋንቋ ነው ስትሉ ግን ሁሉም ላቲን ይላል። በፈረንሳይኛ ነው፣ በ1637። የላቲኑ በ1644 ነው የመጣው።

«የኛስ ፈላስፋ?» የሚል አይጠፋም፣ ልክም ነው። ግን የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ማን ጻፈው ብዬ አልጠይቅም፤ ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጻፈው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው ብሎ ተነሳ፣ የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ፣ ነገሩ እስካሁን ያነጋግራል። ምሁራን ያልጨረሱትን እኔ በአንድ ነጥብ ልፍረድ? በዚያ ፈንታ ብራናውን ፓሪስ ለነበረው ለአሳሹ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ማን ነው እላለሁ። መልሱ ጁስቶ ነው፣ ይህ አያጣላም።

ወደ ከተሞች ስንመጣ፣ ዓመተ ምሕረት የሌለው የከተማ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ሆነች፣ በ1991 ወደ ድሮ ስሟ ተመለሰች። የካዛኪስታን ዋና ከተማማ አታድርስ ነው! አስታና በ2019 ኑርሱልጣን ተባለች፣ በ2022 ደግሞ እንደገና አስታና። ወረቀታችሁ አሮጌ ከሆነ ጉድ ትሆናላችሁ። ኢስታንቡል ላይ ደግሞ ብዙው ሰው ስሟ የተቀየረው ኦቶማኖች በያዟት በ1453 ይመስለዋል፤ ኦቶማኖቹ ግን ከዚያም በኋላ ገንዘባቸው ላይ ቁስጥንጥንያ እያሉ ይቀርጹ ነበር፣ የቱርክ መንግሥት የውጭ ሰው ሁሉ ኢስታንቡል ብቻ እንዲል የጠየቀው በ1930 ነው። አዳማና ናዝሬት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት ላይ ግን ሁለቱንም እቀበላለሁ፣ ተሳፋሪው በሁለቱም ስም ይሄድ የለ እንዴ!

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ሁለቱን ዘርፎች የሚያገናኘው ነው። ፈላስፋው ካንት የተቀበረበት ከተማ ዛሬ የየትኛው አገር ነው? ሁሉም «ጀርመን» ብለው ይጽፋሉ። ካንት በ1724 ያኔ የጀርመኖች ከተማ በነበረችው በኮኒግስበርግ ተወለደ፣ በ1804 እዚያው ሞተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋን ሶቪየት ኅብረት ወሰዳት፣ በ1946 ካሊኒንግራድ አላት። መቃብሩ እስካሁን ካቴድራሉ አጠገብ አለ፣ ሩሲያ ውስጥ፣ ያውም ከዋናዋ ሩሲያ ተነጥላ በፖላንድና በሊትዌንያ መሃል ባለች ቁራጭ መሬት ላይ። ይህን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፣ ነጥቡንም እጥፍ።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ ስልክ ሁሉ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ተቃውሞ ያለው ቀጣዩ ጥያቄ ሳይነበብ ይናገር። ከዚያ በኋላ የመጣ ክርክር ቡና ሲፈላ ይታያል፣ ነጥብ ግን አይቀየርም።